አባቴ ይሙት አልናገርም

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

ጤና መኮንኑ ቴዎፍሎስ ይህን ሲጠይቅ ዓይኑን ከካርዱ ላይ እንኳን አላነሳም። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ እያለ ሲጽፍ ቆይቶ ነው እዚህ የደረሰው።

«ማን? እኔ?» አለ ሊታከም የመጣው ያርጋል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ሲጋራ? በስመ አብ! ኧረ በማርያም፣ ዶክተር!»

«ዶክተር አይደለሁም፤ ጤና መኮንን ነኝ።»

«ኧረ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፣ ዶክተር» አለች ሚስቱ ደርቤ፣ ነጠላዋን ወደ አገጯ እየሳበች። «አባቱ ቄስ፣ አያቱ መሪጌታ! ሲጋራ ምን በወጣው?»

መስኮቱ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት አባ ወልደ ሩፋኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። የቤተሰቡ የንስሐ አባት ናቸው፤ ያርጋልን ጤና ጣቢያ ጎትተው ያመጡትም እሳቸው ናቸው። ያርጋል ሁለት ወር ሙሉ እየሳለ «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ሲል ከርሞ ነበር። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ተነሥቶበት አልቆም ስላለ፣ የዕለቱን ምንባብ ከዲያቆኑ በቀር የሰማው ሰው አልነበረም። አባም ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ «ሐሙስ ትታከማለህ፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» ብለው ቆረጡ።

ልጃቸው ስጦታ በሩ አጠገብ ቆማ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። እናቷ «የመድኃኒቱን ጽሑፍ የምታነብልን» ብላ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ አምጥታታለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ሰዎች አባቷ በቀን ስንት ሲጋራ እንደሚያጨስ ከራሱ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አሥራ ሁለት። ተራራ ሲወጣ ደግሞ ሃያ።

ቴዎፍሎስ «አያጨሱም» ብሎ ጻፈ።

* * *

ስጦታ ነገሩን ያወቀችው በጥር ወር ነው። ያወቀችውም በሻይ ምክንያት ነበር።

ያርጋል የሰሜን ተራሮችን ለሚጎበኙ ቱሪስቶች ምግብ አብሳይ ነው። ድንኳን በተተከለበት ሁሉ፣ ጨነቅም ይሁን ከዚያ ወዲያ፣ ሾርባና ፓንኬክ ይሠራል። በሥራው ቀልድ አያውቅም። ቅመሞቹን በየቆርቆሮው ለይቶ፣ በላያቸው ላይ ስማቸውን ጽፎ፣ ማንም እንዳይነካቸው በሣጥን ከአልጋው ሥር ያስቀምጣቸዋል። አንድ ቅዳሜ እንግዳ መጣና ስጦታ ለሻይ የሚሆን ቀረፋ ስትፈልግ፣ «ቀረፋ» የሚለውን ቆርቆሮ ከፈተች። ውስጡ ያሉት እንጨቶች ቀጥ ያሉና እኩል የተቆረጡ ነበሩ። ሁሉም ግን ነጭ ናቸው።

«ክደኚው!» አለ አባቷ ከኋላዋ። ጓዳ ሲገባ አልሰማችውም ነበር። «ክደኚውና ወደዚህ ነይ።»

«አባዬ፣ ይሄ...»

«አውቃለሁ ምን እንደሆነ! ለሙቀት ነው። ጨነቅ ላይ ሌሊቱን አታውቂውም። ውኃው በጆግ ውስጥ ይረጋል። ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ አንድ ጣልያን ነው ያስጀመረኝ፣ እግዜር ይይለት።»

«አሁን ግን እቤት ነህ።»

«ደባርቅስ መቼ ሞቆ ያውቃል?» አለና በበሩ በኩል ወደ ሳሎን አጮለቀ። እናቷ ከእንግዳዋ ጋር ትስቃለች። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ለአባ፣ ለጎረቤት፣ ለማንም። ማይልኝ!»

«በምን ልማል?»

«አባቴ ይሙት በይ።»

ስጦታ ትንሽ አመነታች። አባቷ ግን እንደ ሕፃን ልጅ በዓይኑ ይለምናታል።

«አባቴ ይሙት፣ አልናገርም።»

«ጎሽ!» አለ፤ ልቡ ዐረፈና ለደስታው አንድ ከቆርቆሮው አውጥቶ ወደ ጓሮ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጦታ ሥራ በዛባት። አባቷ ከአጥሩ ጀርባ ሲሰወር እናቷ «አባትሽ የት ገባ?» ትላለች፤ ስጦታም «በቅሎ ነጂዎቹ ጠርተውት ነው» ትላለች። የአፉ ሽታ እንዳይታወቅ ነጭ ሽንኩርት ትልጥለታለች፤ እሱም ጥሬውን ያኝካል። እናቷ ይህን ስታይ «ባሌ ነጭ ሽንኩርት ወዳድ ሆነ፤ ሆዱን ሊያመው ነው» ብላ ለጎረቤቷ ለወለተ ማርያም ታወራለች። ወለተ ማርያምም ለሆዱ ኮሶ ታዝለታለች። ያርጋል ምስጢሩን ለመጠበቅ ብሎ ኮሶውን ጠጣ።

በሚያዝያ የባዮሎጂ መምህራቸው የሺዋስ ስለ መተንፈሻ አካላት ማስተማር ጀመረ። አንድ ቀን ባዶ የውኃ ፕላስቲክና አንድ እፍኝ ጥጥ ይዞ ገባና «ነገ ሙከራ እንሠራለን። የጎደለን ሲጋራ ብቻ ነው። ከቤቱ የሚያመጣ አለ?» አለ።

ከሃምሳ ሦስት ተማሪ አንድም እጅ አልወጣም።

«ኧረ ሼም ነው!» አለች አብራት የምትቀመጠው ጥበብ፣ በሹክሹክታ። «እጁን ያወጣ ልጅ እኮ አለቀለት። ለምን ራሱ አይገዛም?»

መምህሩ ራሱ እንዳይገዛ ፈርቷል። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል ዲያቆን ነው፤ ደባርቅ ውስጥ ከሱቅ አንድ ሲጋራ ከገዛ እሱ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ዳባት ይደርሳል። በማግስቱ ጠዋት ግን ጠረጴዛው ላይ በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ሲጋራ አገኘ። «ይህን ያደረገውን እግዚአብሔር ይባርከው» አለ፤ ስጦታም አንገቷን ደፋች።

ጭሱ በፕላስቲኩ ውስጥ አልፎ ሲያበቃ መምህሩ ጥጡን አውጥቶ አሳያቸው። የሽሮ ዱቄት መስሏል።

«ይህ የአንዲት ሲጋራ ነው» አለ። «እንግዲህ በቀንና በዓመት እያባዛችሁ አስቡት።»

ስጦታ አባዛችው። አሥራ ሁለት በሦስት መቶ ስልሳ አምስት፣ ከዚያ በሰባት ዓመት። የተራራውን ሳትጨምር ሠላሳ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ መጣ። ስሌቱን ደግማ ሠራችው፤ ያው ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ የሳንባ ካንሰር፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ። ልጆቹ «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል» እያሉ ይገለብጣሉ። ስጦታ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ስለ መሐላዋ ታስባለች። ከተናገረች አባቷ እንዲሞት ምላለች። ዝም ካለች ደግሞ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አለ። በሁለቱም በኩል የሚሞተው ያው አባቷ ነው።

* * *

«የማያጨስ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ሲስልና ሲከሳ፣ አስቀድሜ የምጠረጥረው የሳንባ ነቀርሳን፣ ማለትም ቲቢን ነው» አለ ቴዎፍሎስ ያን ሐሙስ። ለያርጋል ክዳን ያላቸው ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ሰጠው፤ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ነገ ጠዋት አክታ አድርጎ እንዲያመጣ። «ውጤቱ ሰኞ ነው። እስከዚያው ሲስሉ አፍዎን ይሸፍኑ። ቤቱ አየር እንዲያገኝ መስኮት ይከፈት።»

ደርቤ የተባለችውን አደረገች፤ ያልተባለችውንም ጨመረች። ያርጋል የሚጠጣበትን የፕላስቲክ ኩባያ በቀይ ክር አስራ ለየችና በቀን ሦስት ጊዜ ቀቀለችው፤ በሁለተኛው ቀን መያዣው ቀለጠ። ፍራሿን ተሸክማ ወደ ስጦታ ክፍል ገባች። መስኮቱንም ሁሉ ወለል አድርጋ ከፈተች። የግንቦት ደመና ከሊማሊሞ በኩል እየተነሣ ቤት ድረስ ይገባ ጀመር፤ ያርጋል ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ላይ ይንቀጠቀጣል። ወለተ ማርያም በበኩሏ ፌጦ፣ ጦስኝና ዳማከሴ ይዛ መጣች። ደፍራ ስላልገባች በመስኮቱ በኩል አቀበለችው።

ቅዳሜ ዕለት ስልኩ ጮኸ። የሚያሠራው ይግዛው ነበር።

«ያርጋል፣ እንዴት ነህ ወንድሜ? ሰማሁ እኮ። እግዜር ይማርህ። የማክሰኞዎቹን ጀርመኖች ለሌላ አብሳይ ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ጤነኛ ነኝ እኮ!»

«ነህ፣ ነህ። ግን ባለፈውም ቧሂት ዳገት ላይ ለታመመ ቱሪስት በተያዘችው በቅሎ ላይ ወጥተህ ነው አሉ የተሻገርከው።»

«በቅሎዋ ባዶዋን ስለሄደች አሳዝናኝ ነው!»

ይግዛው ሳቀና ስልኩን ዘጋ። የወቅቱ የመጨረሻ ጉዞ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ ቱሪስት የለም።

«አባዬ» አለች ስጦታ፣ እናቷ ለኩባያው ውኃ ልትጥድ ስትወጣ ጠብቃ። «በቃ ንገራት። እያለቀሰች እኮ ነው የምታድረው። ትሞታለህ ብላ።»

«ሰኞ ነጻ ነህ ይሉኛል፤ በዚያው ያበቃል።»

«ሳሉስ?»

«ሳል ምን አለው? ሰው ሁሉ ይስላል» አለና ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው። የበሩን መቃን ጨብጦ ጎንበስ አለ። አየር ለመሳብ ሲታገል ደረቱ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ስጦታ ጀርባውን ይዛ ቆመች። ከጋቢው ሥር አጥንቱ ይቆጠራል፤ እንዲህ መክሳቱን እስከዚያች ደቂቃ ልብ አላለችም ነበር። ሳሉ ሲተወው አባቷ ግንባሩን ጠረገና «አየሽ? ለቀቀኝ» አለ። ከዚያም መስኮቱ ክፍት መሆኑን አይቶ ከትራሱ ሥር አንድ አወጣ። ያ ሁሉ ብርድ ለአንድ ሰው ብቻ ጠቅሞ ነበር።

* * *

ሰኞ ጠዋት አራቱም ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ያርጋል «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ከሄደ ቆይቷል። ደርቤም ሥጋት ገብቷት ልትፈልገው ወጣች። አግዳሚው ላይ ስጦታና አባ ወልደ ሩፋኤል ቀሩ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ ልጄ።»

«አንዲት የክፍላችን ልጅ አለች። የሆነ ነገር አልናገርም ብላ ማለች። አሁን መናገር ፈለገች። መሐላ ማፍረስ ኃጢአት ነው አይደል?»

አባ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው አሰቡ። በዝግታ ነው የሚናገሩት። «መሐላ ከባድ ነው። ሲጀመር አለመማል ነበር የሚሻለው። ግን ሄሮድስን ታውቂዋለሽ? በመሐላው ተይዞ የዮሐንስን አንገት አስቆረጠ። መሐላውን ጠበቀ፤ ሰውየውን ገደለ። አባቶቻችን መሐላውን አፍርሶ ነፍስ ቢያድን በተሻለው ነበር ብለዋል።» ከዚያ ጠየቋት። «ልጅቷ ዝም ብትል የሚጎዳ ሰው አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያ ትናገርና ለንስሐ ትምጣ። ለሷ የሚሆን ቀላል ቀኖና አላጣም።»

በሩ ተከፈተ። «የአቶ ያርጋል ቤተሰብ!» አለ ቴዎፍሎስ።

ከቤተሰቡ ከሷ ሌላ ስላልነበረ ስጦታ ገባች። ቴዎፍሎስ አንዲት ወረቀት ይዟል።

«ወላጆችሽን ጥሪልኝ። ነቀርሳ አልተገኘም።»

«ተመስገን!»

«ተመስገን ነው። ግን ሳሉ ከምን እንደመጣ አሁንም አላወቅሁም ማለት ነው። በይ ጥሪያቸው።»

ስጦታ አልተንቀሳቀሰችም። «አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ለፈተና ነው።»

«አሁን?»

«አጭር ናት። አንድ ሰው... ‹ሀ› እንበለው። ‹ሀ› በቀን አሥራ ሁለት ሲጋራ ያጨሳል። ሰባት ዓመት ሆኖታል። ይስላል፣ ከስቷል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ምን ይደረግለታል?»

ቴዎፍሎስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የ‹ሀ› ዕድሜ?»

«አርባ ሦስት።»

«ሥራው?»

«አብሳ... ሥራው አይታወቅም።»

«እንዲህ ነው» አለ፤ ሳቁን ለመያዝ እየታገለ። «ሰው ቢመጣልኝ እመረምረዋለሁ፣ እመክረዋለሁ፣ መድኃኒት እሰጠዋለሁ። ፊደል ግን ማከም አልችልም።»

ስጦታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ አነሣችው።

«አባቴ ነው» አለች። «ሐሙስ ዕለት የነገረዎት ውሸት ነው።»

ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ ራሷም አታውቅም። ከውጭ፣ ከግንቡ ጀርባ፣ የአባቷ ሳል ተሰማ። በሕይወት አለ።

«ከእኔ አይወጣም» አለ ቴዎፍሎስ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን ከራሱ አፍ ቢወጣ ነው የሚበጀው። ለማቆም የቤት ሰው እገዛ ያስፈልገዋል። ጥሪያቸው።»

* * *

ደርቤ «ነቀርሳ የለም» የሚለውን ስትሰማ እልልታዋን አቀለጠችው። ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ሴት የወለደች መሰላቸውና አንዲት ባልቴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብለው ከውጭ ተጣሩ።

ያርጋል ኮቱን አነሣ። «በሉ እንሂዳ፤ አመሰግናለሁ ዶክተር።»

«ይቀመጡ» አለ ቴዎፍሎስ። ከመሳቢያው ክብሪት አውጥቶ አንድ ጫረ። ከያርጋል ፊት አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ያዘው። «አፍዎን በደንብ ይክፈቱና እፍ ሳይሉ፣ በትንፋሽዎ ብቻ ያጥፉት።»

«ይቺን?» አለ ያርጋል። አፉን ከፍቶ ተነፈሰ። እሳቱ ትንሽ ዘንበል አለና ቀና አለ። እንደገና ተነፈሰ። ፊቱ ቀላ፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ክብሪቷ ግን ነድዳ ነድዳ የቴዎፍሎስን ጣት ፈጀችው። ሁለተኛም ሦስተኛም ተጫረ፤ ያው ነው።

«አየሩ ይገባል፤ መውጣት ግን ከብዶታል። የአየር ቧንቧዎቹ ጠበዋል» አለ ቴዎፍሎስ። «ይህ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከጭስ ነው።»

«የምድጃ ጭስ!» አለ ያርጋል፣ ገመድ እንደተጣለለት ሰው። «አብሳይ አይደለሁ? ይኸው ዕድሜዬን በጭስ!»

ቴዎፍሎስ ሌላ ክብሪት ጭሮ ወደ ደርቤ አዞረ። «እርስዎስ ይሞክሩ እስቲ። ምድጃ ላይ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ» አለችና ተነፈሰች። ክብሪቷ ጠፋች።

አባ ወልደ ሩፋኤል ሳይጠየቁ ተነሡ። «እኔም ልሞክር?» ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቴዎፍሎስ አምስተኛውን ጫረ። ገና በሩ አጠገብ ሆነው ለመሞከር ያህል ቢተነፍሱ ክብሪቷ ጠፋች፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውም ወረቀት በነነ። «ዜማ ነው» አሉ፣ ትንሽ አፍረው። «ሌሊት ማኅሌት መቆም ደረት ያሰፋል።»

ማንም አልሳቀም። ደርቤ ባሏን ታያለች። ደስታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ታዲያ ምኑ ነው?» አለች። «ከነቀርሳም የባሰ ነው? ደብቀውኝ ነው? ጎንደር እወስደዋለሁ! ልጄን ብቻዬን አላሳድግም፣ አዲስ አበባም ቢሆን...» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ሸፈነች።

ያርጋል አንገቱን አዙሮ ስጦታን አያት። ዘወትር እንዲህ ሲያያት አንድ ነገር ፈጥራ ትናገርለት ነበር። ስጦታ ምንም አላለችም። ዓይኗንም ከሱ ላይ አላነሣችም።

«ደርቤ» አለ። «አጨሳለሁ።»

«ምን ታደርጋለህ?»

«አጨሳለሁ። ሲጋራ። ሰባት ዓመቴ ነው።»

ደርቤ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አወረደች። «ኩባያህን ቀቅያለሁ» አለች፣ ለብቻዋ እንደምታወራ። ከዚያ ጮክ አለች። «አራት ቀን ሙሉ ኩባያህን ቀቅያለሁ! መያዣው እስኪቀልጥ! በዚያ ብርድ መስኮት ከፍቼ አድሬያለሁ! ኮሶ! ለሆዱ ብዬ ኮሶ አጠጥቼዋለሁ!»

«እሱስ ረድቶኛል...»

«ዝም በል!»

አባ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ቁጣም ግርምትም አለ። «ያርጋል፣ ሰባት ዓመት ትናዘዝልኛለህ። በዐቢይ ጾም አንድ ማንኪያ ወተት ከፈረንጅ ሻይ ቀምሻለሁ ብለኸኝ ስግደት ሰጥቼሃለሁ። በበቅሎ ላይ ክፉ ቃል ተናግሬያለሁ ብለህ አልቅሰሃል። ይህንን የት አስቀምጠኸው ነው?»

«ቀረፋ ውስጥ» አለ ያርጋል፣ ሳያስበው።

ቴዎፍሎስ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ተመልሶ ሲቀመጥ ግን ድምፁ ረጋ ያለ ነው። ጎንደር ሄዶ ራጅ እንዲነሣ ጻፈለት። «ከሳንባዎ የተበላሸው አይመለስም» አለው። «የቀረውን ግን ማትረፍ ይቻላል። ዛሬ ካቆሙ ማለቴ ነው። አምሮቱ ሲመጣ የማያልፍ ይመስላል። ከአምስት፣ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። እነዚያን ደቂቃዎች ማለፍ ነው።»

ካርዱ ላይ «አያጨሱም» የሚለውን ሰርዞ ከላዩ ጻፈበት።

ሲመለሱ ደርቤ ከአባ ጋር ፊት ፊት ሄደች። ያርጋል ወደ ኋላ ቀርቶ ከስጦታ ጋር እኩል ሆነ።

«ሐኪሙ ክብሪት ከመሬት ተነሥቶ አልጫረም» አለ። «ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«አባቴ ይሙት ብለሽ!»

«ብዬ።»

ያርጋል ከዚያ በኋላ እቤት እስኪደርሱ አላናገራትም።

* * *

በዚያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው ጠፋ። ደርቤ የቅመም ሣጥኑን ሽንት ቤት ደፋችው፤ እውነተኛውም ቀረፋ አብሮ ሄደ። ባሏን ተቀይማ በቀጥታ አታናግረውም። እጁን ቢዘረጋ የሚደርስባት ቦታ ላይ ተቀምጣ «ስጦታ፣ ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው» ትላለች። ያርጋል ደግሞ ስጦታን ተቀይሟል፤ ስለዚህ መልስ የሚልክባት ሰው የለውም፤ ዝም ብሎ ይበላል። ኪሱ ሙሉ ቆሎ ይዞ ቀኑን ሙሉ ይቆረጥማል። በምንም ነገር ይቆጣል። አንድ ቀን «ለምን ታየኛለህ?» ብሎ ከጎረቤት አውራ ዶሮ ጋር ተጣላ።

ራጁ ጎንደር ተነሣ። ካንሰር የለም፤ ሳንባው ግን ደክሟል ተባለ። ወለተ ማርያም ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው፤ ያርጋልም በገበያ ሲያልፍ ሰዎች «እንዴት ነው ቀረፋው?» ይሉት ጀመር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ስጦታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ታጠና ነበር። ፈተናው ሰባት ቀን ቀርቶታል፤ ሒሳቡ አልገባትም። በመስኮቱ አባቷን ታየዋለች። ከአጥሩ እስከ በሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እጁ ወደ ኪሱ ይገባል፣ ቆሎ ሳያወጣ ይወጣል። ወደ ሱቁ መንገድ ይመለከታል። አንዴ የአጥሩን በር ከፈተና ቆመ፤ ዘጋው። እንደገና ከፈተው።

ስጦታ የያዘችውን ጥያቄ አየችው። ግማሽ ድረስ ሠርታዋለች። እስክሪብቶውን መካከሉ ላይ አድርጋ ደብተሩን ዘጋችና ጫማዋን አጠለቀች።

«አባዬ፣ መናኸሪያ ድረስ እንሂድ።»

ቀና ብሎ አያት። «መናኸሪያ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«ፈተና አይደል እንዴ ያለብሽ?»

«አለብኝ።»

ያርጋል የአጥሩን በር እንደያዘ ቆየ። በመጨረሻ «ያ ትናንት እናትሽ የሠራችው ሾርባ» አለ፣ «ጨው እንዴት እንደበዛበት አይተሻል? ሾርባ እኮ መጨረሻ ላይ ነው ጨው የሚደረግበት። መጨረሻ ላይ!»

«ለምን?» አለች።

«ነይ ልንገርሽ» አለና ወጣ። የመናኸሪያው መንገድ ዳገት ነው። ስለ ሾርባ ጀምሮ ወደ ፓንኬክ ሲሻገር ትንፋሹ አጠረው፤ ወሬውን ግን አላቆመም። ስጦታ እርምጃዋን አሳጠረች።